«የውኃው ነው» እየተባለ የሚታለፈው የልጆቻችን ጥርስ

የተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአዳማ የልጆች ጥርስ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ወላጁም፣ መምህሩም፣ ጎረቤቱም የሚሰጠው መልስ «የውኃው ነው» የሚል ነው። መልሱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ከተማችን የምትገኘው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ የአካባቢው የከርሰ ምድር ውኃም በእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን በብዛት ይዞ ይወጣል። ጎረቤታችን ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የስኳር ፋብሪካዋ የምትታወቀውን ያህል፣ የጉድጓድ ውኃ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ጥርሳቸው በመበለዙ፣ አልፎም አጥንታቸው በመጎዳቱ ስሟ በሕክምና ጥናቶች ሲነሳ ኖሯል። ስኳሩም ፍሎራይዱም ከአንድ ሰፈር መገኘታቸው የሚገርም ነው። ይሁን እንጂ ይህ እውነት ሌላውን እውነት ሸፍኖብናል ብዬ አምናለሁ። ተማሪዎቼ ጉንጫቸውን ይዘው ከክፍል የሚወጡት በአብዛኛው ጥርሳቸው ስለበለዘ ሳይሆን ስለተቦረቦረ ነው፤ መቦርቦር ደግሞ በውኃው ሊመካኝ አይችልም።

ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ጥርስ የሚበልዘው ገና በድድ ውስጥ እየተሠራ ባለበት ጊዜ፣ ይኸውም ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ፣ ልጁ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ሲያገኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚህ በላይ የሆነ የጉድጓድ ውኃ የሚጠቀም ቤተሰብ አፍልቶ በመጠጣት ልጁን መከላከል አይችልም፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያስወግድም፣ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር በቀሪው ውስጥ ያለው መጠን ይጨምራል። መቦርቦር ግን በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከስኳር አሲድ እየሠሩ ጥርስን ቀስ በቀስ ሲበሉት የሚመጣ ነው። ነጩንም የበለዘውንም አይለይም፤ በፍሎራይድ ክፉኛ ተጎድቶ ገጹ የተፈረፈረ ጥርስማ ይበልጥ ይጋለጥለታል።

ይህ ልዩነት ባለመታወቁ የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። የልጁ ጥርስ የበለዘበት ወላጅ «አንዴ ተበላሽቷል፣ ቢቦርሽስ ምን ዋጋ አለው?» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሌላው ደግሞ በጥርስ ሳሙናው ላይ ፍሎራይድ የሚል ጽሑፍ ሲያነብ ደንግጦ ሳሙናውን ጨርሶ ይተወዋል። ጥርስን ከመቦርቦር የሚከላከለው ግን ይኸው ፍሎራይድ በትንሽ መጠን ከጥርሱ ገጽ ጋር ሲነካካ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለ የአተር ፍሬ የሚያክል ሳሙና ይበቃል፤ የሚጨምቅለት ትልቅ ሰው ይሁን፣ ልጁም መትፋት ይልመድ። መፋቂያን አልንቅም፣ እኔም ያደግሁበት ነው፤ ይሁንና ፍሎራይዱን የሚሰጠው ሳሙናው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የስድስት ዓመቱ መንጋጋ ነው። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከመጨረሻዎቹ የወተት ጥርሶች በስተኋላ፣ ከላይ በቀኝና በግራ፣ ከታችም እንዲሁ፣ በድምሩ አራት ቋሚ መንጋጋዎች ይበቅላሉ። የሚበቅሉት አንድም የወተት ጥርስ ሳይወልቅ በመሆኑ ቤተሰብ አያስተውላቸውም፤ መጥቆር ሲጀምሩም «የወተት ጥርስ ነው፣ ወልቆ ሌላ ይተካዋል» ተብለው ይታለፋሉ። የሚተካቸው የለም። ገና ሲበቅሉ የማኘኪያ ገጻቸው ምግብ በሚቀረቀርባቸው ጥልቅ ስርጉዶች የተሞላ ስለሆነ፣ የትንሽ ልጅ እጅም ቡርሹን እስከዚያ በደንብ ስለማያደርስ፣ ከቋሚ ጥርሶች ሁሉ ቀድመው የሚጎዱት ብዙ ጊዜ እነዚሁ ናቸው። ልጅ አንደኛ ክፍል በሚገባበት በሰባት ዓመቱ ጥርሶቹ ገና አዲስ ናቸው፤ ሦስትና አራተኛ ክፍል ሲደርስ ግን ሕመሙ በቅርንፉድና ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ ማስታገሻ ሲሸነገል ከርሞ፣ ድዱ አብጦና መግል ቋጥሮ፣ ከማስነቀል በቀር ምርጫ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ገንዘብ ይመጣል። ጥርስ ማስሞላት ከማስነቀል ይበልጥ ያስከፍላል፤ ምልልስም ሊጠይቅ ይችላል። በቀን ሥራ፣ በጉልት ወይም በባጃጅ የሚተዳደር ወላጅ ደግሞ አንድ ቀን ከሥራ ሲቀር የዚያን ቀን ገቢ ያጣል፤ ስለዚህ ሊድን ይችል የነበረውን ጥርስ ያስነቅላል። ይህን ቸልተኝነት ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። በ2003 ዓ.ም. በተመረጡ ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለእንዲህ ያሉ ቤተሰቦች የታሰበ ቢሆንም፣ ካርዱ የሚያገለግለው ውል በተገባባቸው ተቋማት ነው፤ ብዙ ጤና ጣቢያዎች የጥርስ ሕክምና ክፍል የላቸውም፣ በየመንገዱ የምናያቸው የግል የጥርስ ክሊኒኮች ደግሞ የሚሠሩት በጥሬ ገንዘብ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ከመድኑ ሽፋን ውጭ በመሆኑ፣ ዛሬ በስምንት ዓመቱ መንጋጋውን ያስነቀለ ልጅ ነገ በካርዱ የሚያስተክለው አይኖርም።

እንግዲህ የምጠይቀው ትልቅ ሆስፒታል አይደለም። የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት፣ በየትምህርት ቤታቸው፣ በጥርስ ባለሙያ አንድ ጊዜ እንዲታዩልን ነው። መምህራን የክፍል ዝርዝር ማዘጋጀትም ሆነ ወላጅ መጥራት አይከብደንም። ሕክምናውም ቢሆን ሁልጊዜ መብራትና የጥርስ ወንበር የሚጠይቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ የተጀመረው ዘዴ የተበላሸውን ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ ፍሎራይድ በሚለቅ ሲሚንቶ መሙላትን የሚፈቅድ ሲሆን፣ በዚሁ ሲሚንቶ የአዲሱን መንጋጋ ስርጉድ አስቀድሞ መድፈንም ይቻላል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ሲሚንቶ፣ ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙናና መቦርቦርን በቅብ የሚያስቆመውን የብርና የፍሎራይድ ውሁድ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካቷል።

ከትምህርት ቤት በፊትም የሚሠራ አለ። ልጅ በዘጠኝ ወሩና በአሥራ አምስት ወሩ የኩፍኝ ክትባት ሲወስድ ባለሙያዋ ከንፈሩን ገልጣ የፊት ጥርሶቹን ብታይለት የሚፈጅባት ጊዜ ኢምንት ነው። በዚያውም እናቲቱን ስለ ግግ ማስወጣት ታነጋግራታለች፤ ልጅ ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው ድዱን በስለት ማስቆፈር ዛሬም ያልቀረ ልማድ ነው፣ ከታች ያለውን የቋሚ ጥርስ እንቡጥ ከማበላሸቱም በላይ ለከባድ ኢንፌክሽን ይዳርጋል።

በትምህርት ቤት አጥር ሥር የሚሸጠውን ከረሜላና ማስቲካ ማስከልከል ነው መፍትሔው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ አልስማማም፤ ከሻጮቹ መካከል የተማሪዎቻችን እናቶች አሉ። ጣፋጩ ቀኑን ሙሉ ከሚላስ ከምግብ ጋር ቢበላ ጉዳቱ እንደሚቀንስ ለልጆቹ ማስተማር ይሻላል፤ ቆሎና ሙዝም ቢሸጥ ገበያ አያጣም።

ለከተማው ጤናና ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ሁለት ጥያቄ አለኝ። በመጪው የትምህርት ዘመን የአንደኛ ክፍል ተማሪዎችን ጥርስ የሚያይ ባለሙያ ይመደባል ወይ? የጤና መድን ካርድ ለልጆች የትኛውን የጥርስ ሕክምና፣ በየትኛው ተቋም እንደሚሸፍን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ በየጤና ጣቢያው ይለጠፋል ወይ? መልሳቸው በዚሁ ዓምድ ቢወጣልን ለወላጆች ስብሰባ አባዝተን እናድለዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዳማ