ታዳጊውን አማካይ በአብዶው አንመዝነው

ለጋዜጣው የስፖርት ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልን፤

የዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር ክለቦች ከተስፋ ቡድንና ከሰፈር ውድድር ታዳጊ አማካዮችን ያስፈርማሉ። ደሴ ፒያሳ ቡና የሚጠጣውም፣ ኮምቦልቻ ከፋብሪካ ፈረቃ የሚወጣውም ወሬው አንድ ይሆናል፦ «አዲሱን ልጅ አያችሁት?» ልጁ ሁለት ጨዋታ ሳይሞላው ፍርዱ ወጥቶ ያድራል። ወይ በብሔራዊ ቡድን አማካዩ ስም «ሁለተኛው ሽመልስ በቀለ» ይባላል፣ ወይ «ለዚህ ነው ብር የወጣው?» ይባላል። ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል። አንድ አዲስ ታዳጊ አማካይ በምን በምን እንደሚመዘን የምናውቀውን ጽፈን የላክነው ለዚህ ነው።

አጥቂ ያገባል ወይ ይስታል፤ በረኛ ያድናል ወይ ይገባበታል። የአማካይ ስራ ግን በአብዛኛው ኳስ በሌለበት የሚሰራ ነው። በ90 ደቂቃ ውስጥ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ኳስ እግሩ ስር የምትቆየው ግን ተደማምሮ ከሁለት ሦስት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ደጋፊው የሚያየውና የሚያጨበጭብለት እነዚያን ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ነው። የቀረው ሰማንያ ምናምን ደቂቃ ሳይታይ ያልፋል፤ ልጁ አማካይ ይሁን አይሁን የሚታወቀው ግን እዚያ ውስጥ ነው።

እስቲ በሚቀጥለው ጨዋታ ኳሷ ከመሀል ተከላካዩ እግር ስትነሳ ኳሷን ትታችሁ ልጁን እዩት። ጥሩ አማካይ ኳሷ ሳትደርሰው በፊት አንገቱን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያዞራል፤ አንዴ በቀኝ ትከሻው፣ አንዴ በግራው። ከጀርባው ማን እንዳለ ያውቃል። ሰውነቱን ወደ ጎን ይከፍትና ኳሷ ከመጣችበት አቅጣጫ በራቀው እግሩ ይቀበላታል፤ የመጀመሪያ ንክኪው ራሱ ወደፊት ያዞረዋል። ያልበሰለው ደግሞ ጀርባውን ለተጋጣሚ ጎል ሰጥቶ፣ በሚመቸው እግሩ፣ ኳሷን እግሩ ስር አቁሞ ነው ቀና የሚለው። በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ ተጋጣሚ ጀርባው ላይ ደርሷል። ከዚያ ለመውጣት አብዶ ይሰራል፣ ማለትም ተጋጣሚውን በኳስ አታሎ ያልፋል፤ ሲሳካለት ስታዲየሙ ይነሳል። እውነቱን ለመናገር ያ አብዶ የመጣው ዘግይቶ በማየቱ ነው። ቀድሞ አይቶ ቢሆን ኖሮ በአንድ ንክኪ አቀብሎ ይገላገል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አያጨበጭብለትም።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ልጆቻችን የሚያድጉት በጠባብ የሰፈር ሜዳ፣ አምስት ለአምስት ወይም ስድስት ለስድስት እየተጫወቱ ነው። እዚያ ሜዳው በሙሉ ፊት ለፊት ስለሚታይ ጀርባን ማየት አያስፈልግም፤ አንድ ሰው ካለፉ ጎሉ ቅርብ ነው። 105 በ68 ሜትር ሜዳ ላይ መሀል የቆመ ልጅ ግን ጠላቱ በአራቱም አቅጣጫ ነው። ደግነቱ ይህ በልምምድ የሚስተካከል ነገር ነው። 12 በ12 ሜትር የሚሆን ካሬ ይሰመራል። ልጁ መሀል ይቆማል፤ ከፊቱ አንድ አቀባይ፣ ከጀርባው ደግሞ ቀይና ቢጫ ሰደርያ የያዘ ጓደኛው ይሆናሉ። ኳሷ ከአቀባዩ እግር ስትወጣ የኋለኛው አንዱን ሰደርያ ያነሳል፤ ልጁ ኳሷን ከመንካቱ በፊት ቀለሙን ጮክ ብሎ መጥራት አለበት። ቀይ ከሆነ ወደመጣችበት ይመልሳል፣ ቢጫ ከሆነ ዞሮ ወደፊት ያቀብላል። በየልምምዱ 10 ደቂቃ ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አቀባዩ ኳሷን በዝግታ ሲልካት ነው፤ ኳሷ ከዘገየች ልጁ ለማየት ጊዜ ያገኛል፣ ጨዋታ ላይ ግን ያንን ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ጠበቅ ያለች፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ኳስ መሆን አለባት።

ስለ ቆጠራ አንድ ነገር እንጨምር። አውስትራሊያኖች በሞላላ ኳስ፣ በእያንዳንዱ ወገን 18 ሰው ሆነው፣ አራት ጊዜ 20 ደቂቃ የሚጫወቱት የራሳቸው እግር ኳስ አላቸው። ክለቦቻቸው በየዓመቱ 18 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች በተራ ይመርጣሉ፤ በደረጃ ሰንጠረዡ መጨረሻ የወጣው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል። ልጆቹ በ20 ሜትር ሩጫና በ2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ይፈተናሉ። እኛን የሳበን ግን ሌላ ነው፤ ደጋፊዎቻቸው አዲስ አማካይ ሲመዝኑ በትግል የተገኘችውን ኳስ በነጻ ከተቀበላት ለይተው ይቆጥራሉ። ማንም ሳይጠጋው 30 ጊዜ ኳስ የነካና ሁለት ሰው ተደርቦበት 12 ጊዜ ነጥቆ የወጣ እኩል አይደሉም። ይህን ሚዛን ወደኛ ሜዳ ማምጣት ይቻላል።

አንድ ደብተርና እስክሪብቶ በቂ ነው። በመጀመሪያ ተጋጣሚ በሁለት ሜትር ውስጥ እያለ የተቀበላቸውን ኳሶች ቁጠሩ፤ ከእነሱም ስንቱ ለጓደኛው እንደደረሰ ምልክት አድርጉ። ቀጥሎ ኳስ ሲጠፋበት የት እንደጠፋበት ጻፉ። በተጋጣሚ ሳጥን አካባቢ አምስት ኳስ ማጣት አያሳስብም፤ በራሱ ሜዳ መሀል ላይ ሁለት ማጣት ግን ጎል ያስቆጥራል። ከሁሉም በላይ ከጠፋበት በኋላ ያሉትን አምስት ሰከንዶች ተመልከቱ። እጁን ዘርግቶ ዳኛውን ያያል? ወይስ ወዲያው ይከተላል? ደግሞም ረጅም ኳስ በቴስታ ስትመለስ የምትወድቅበትን ቦታ ቀድሞ የሚገምት ልጅ አለ፤ ያ በሊጎቻችን ትልቅ ሀብት ነው፣ ምክንያቱም ሜዳው ሲበላሽ ጨዋታው በሙሉ ወደ ሁለተኛ ኳስ፣ ማለትም ተመልሳ ወደምትወድቀው ኳስ ሽሚያ ይቀየራል።

ሜዳውን ካነሳን አይቀር፣ ነጥራ ያመለጠችን ኳስ በልጁ ሂሳብ አትመዝግቡ። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ እንደ ሲሚንቶ የደረቀና ጉብታ የበዛበት መሬት ላይ የታየ የመጀመሪያ ንክኪ ግማሹ የመሬቱ ነው። እንዲያውም ብልሁ ልጅ እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ኳሷን በውስጥ እግሩ ከማቆም ይልቅ በጫማው ስር ረገጥ አድርጎ ይይዛታል፤ ይህን ካያችሁ በጥሩ ጎን ጻፉለት።

ደሴና ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው። በከፍታ ግን ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት ወርዶ ወይም ወጥቶ የሚጫወት ልጅ ይህን በሳንባውም በኳሱም ያገኘዋል። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስን የሚይዛት ነገር ያንሳል፤ ከመስመር ወደ መስመር የምትሻገር ረጅም ኳስ ኮምቦልቻ ከለመደው አልፋ ትሄዳለች፣ በፋልሶ (እንድትታጠፍ ተደርጋ) የተመታችም እንደለመደው አትታጠፍም። ከኮምቦልቻ የመጣ አማካይ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ረጅም ኳሶቹ ከመስመር ውጭ ቢወጡ «እግሩ ልክ የለውም» ማለት ስህተት ነው፤ ልኬቱን እያስተካከለ ነው። ትንፋሹንም እንዲሁ። አንዴ በሙሉ ፍጥነት ሮጦ ለሁለተኛው ሩጫ ለመዘጋጀት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ስጡት። የደሴ ልጅ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ደግሞ ፈተናው ሙቀት ነው። ጠዋት በቂ ውሃ ሳይጠጣ ከሰዓት ከገባ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ባቱ ሊሸመቀቅ ይችላል፤ ደጋፊው ግን «አቅም የለውም» ይላል። ኳሷም ራሷ ትለዋወጣለች፤ ከቆላ ተነፍታ ደጋ ስትወጣ በውጭው አየር መሳሳት ትጠነክራለች፣ በብርዱ ደግሞ ትለሰልሳለች። የኳስ አየር መለኪያ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መለካት ያለበትም ጨዋታው በሚደረግበት ሜዳ፣ ከማሟሟቂያው በፊት ነው።

ስለ ሰውነት ስናወራ ብዙ ሰው «ቀጭን ነው፣ ይወድቃል» ይላል። ከ17 ዓመት በታች ጨዋታ ላይ አስቀድሞ የጎረመሰ ልጅ በትከሻው ብቻ መሀል ሜዳውን ይገዛል። ሌሎቹ ሲደርሱበት ያ ብልጫ ይጠፋል፤ በጉልበቱ ያለፈ ልጅ በአእምሮው ማለፍን ሳይማር ዋናው ቡድን ውስጥ ይገኛል። በአንጻሩ ቀጭኑ፣ እንዳይመታ ሲል ቀድሞ ማየትና ቶሎ ማቀበልን ተምሯል። ጡንቻ በሁለት ዓመት ይመጣል። የዕድሜ ጉዳይም አለ፤ ከ17 ዓመት በታች አለም አቀፍ ውድድሮች ላይ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ የሚታየው የአጥንቱ ማደጊያ መዘጋቱን ለማየት ነው። ዕድሜው የተቀነሰለት ልጅ ለክለቡም ኪሳራ ነው፣ «ገና ያድጋል» ተብሎ የተገዛው እድገቱን ጨርሷልና። ቶሎ እየረዘመ ያለ ልጅ ደግሞ ከጉልበት ሎሚው በታች፣ የቅልጥም አጥንቱ ጫፍ ላይ ሲያመው ልምምድ ሸሽቶ አይደለም። አጥንቱ ከጅማቱ ቀድሞ ሲያድግ ጅማቱ መያዣውን ይጎትተዋል፤ መፍትሄው ዝላይና ምት ለጥቂት ሳምንት መቀነስ ነው። መርፌ ወግቶ ማሰለፍ ያባብሰዋል።

የኛን አካባቢ ልጆች ስንመዝን ልንዘነጋው የማይገባ ሌላ ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የሊግ ውድድር ተሰረዘ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። በ2018 ዓ.ም. 18 ዓመት የሆነው ልጅ ያኔ የ12 እና የ14 ዓመት ታዳጊ ነበር። በቡድን ውስጥ መቆምን፣ መስመር መጠበቅን፣ መቼ መውጣት መቼ መቅረት እንዳለበት የሚማርበት እድሜ ይህ ነው። ከሌላ ከተማ ልጅ ጋር ሲወዳደር የቦታ አያያዙ ሁለት ዓመት ወደኋላ ቢቀር አያስገርምም፤ ያ የተሰጥኦ ጉድለት ሳይሆን ያልተጫወታቸው ጨዋታዎች ጉድለት ነው።

ስም እያመሳሰሉ መጥራትም ይቅር። ሽመልስ በቀለና ጋቶች ፓኖም ሁለቱም ለብሔራዊ ቡድናችን የተሰለፉ አማካዮች ናቸው፤ አንዱ በግብጽ ሊግ ለዓመታት ተጫውቷል፣ ሌላው ሩሲያ ድረስ ሄዷል። ስራቸው ግን ለየቅል ነው። ሽመልስ ከአጥቂው ጀርባ ሆኖ ክፍተት ይፈልጋል፤ ጋቶች ከተከላካዮቹ ፊት ሆኖ ክፍተት ይዘጋል። ከተከላካይ ፊት የሚቆምን ልጅ «ለምን ጎል አታገባም» ብሎ መጮህ ቦታውን ጥሎ እንዲሄድ መግፋት ነው። ከመቀመጫው የሚመጣው «ወደኋላ አታቀብል!» የሚለው ጩኸትም እንዲሁ። ጀርባው ላይ ሰው ተለጥፎ ፊቱ ወደ ራሱ ጎል ከሆነ ትክክለኛው ኳስ ወደኋላ የምትሄደው ነች፤ ተከላካዩ በአንድ ንክኪ ለሦስተኛው ሰው ሲያሻግራት ያ የተለጠፈው ተጋጣሚ ከጨዋታ ይወጣል። ጩኸቱን የፈራ ልጅ ግን ያለቦታው ይዞራል፣ ይነጠቃል፣ ከዚያ ጎል ይገባል።

አሰልጣኞችም ላይ አንድ አስተያየት አለን። ታዳጊውን «እንዳይጎዳ» ብለው ወደ መስመር ማውጣት የተለመደ ሆኗል። መስመር ላይ አንዱ ጎኑ የሜዳው መስመር ስለሆነ የሚያየው ግማሹን ብቻ ነው፤ የመሀል ሜዳ ስራ እዚያ አይለመድም። 80ኛው ደቂቃ ላይ 1 ለ 0 እየተመሩ አስገብቶ መሞከርም ፈተና አይሆንም፤ በዚያ ሰዓት ኳሷ በአናቱ ላይ ነው የምታልፈው። ቡድኑ በተረጋጋበት ጨዋታ ከእረፍት መልስ፣ በራሱ ቦታ፣ ልምድ ካለው አማካይ ጎን ይግባ። በኛ ግምት 900 ደቂቃ፣ ማለትም ወደ አስር ሙሉ ጨዋታ ሳይሞላው ስለ ማንም ታዳጊ አማካይ የጸና ፍርድ መስጠት አይቻልም።

ከዝግጅት ክፍላችሁ የምንጠይቀው ይህን ነው። የጨዋታ ዘገባ ስታወጡ ከጎል አግቢዎች ስም ጋር ታዳጊዎቹ ስንት ደቂቃ እንደተጫወቱ፣ በየትኛው ቦታ እንደተሰለፉ፣ ተቀይረው ሲገቡም ውጤቱ ስንት ለስንት እንደነበር አንድ አንድ መስመር ጨምሩልን። ብዙ ጨዋታ ከከተማችን ርቆ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ እኛ ማየት የማንችለውን ዘጋቢያችሁ ያያል፤ ደብተራችን ላይ የሚቀረውን ባዶ ቦታ የምንሞላው በእናንተ መስመር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በደሴና በኮምቦልቻ የምንኖር የእግር ኳስ ደጋፊዎች