«ስንተኛው ፍሬ ላይ ነሽ፣ ልጄ?» ብለው ለጠየቁን ሲስተርና ለሁላችሁም፤ የምስጋና መልእክት

ውድ እህቶቻችን፣ ቤተሰቦቻችንና በሙያችሁ ከጎናችን የቆማችሁ ሁሉ፤

ከፒሲኦኤስ (የወንዴ ሆርሞን በዝቶ እንቁላል መውጣትንና የወር አበባን ከሚያዛባው የሆርሞን ችግር) ጋር ለሚኖሩና ሆርሞን ያለው የወሊድ መቆጣጠሪያ ለሚወስዱ ሴቶች የተዘጋጀው የመጀመሪያ ዙር ትምህርት በሰላም ተጠናቀቀ። ፈጣሪ ይመስገን። እንዴት እንደተጀመረና በምን ውስጥ እንዳለፈ እናንተው ስለምታውቁት አንደግመውም። ምስጋናችን ባዶ ቃል እንዳይሆን ግን የተሰጠንን ነገር አንድ በአንድ እየጠራን እናመሰግናለን፤ በዚያውም መምጣት ያልቻለችው ታነበዋለች።

ከሁሉ አስቀድመን ሲስተርን። ስሜ አይጻፍ ብለው አደራ ስላሉ «ሲስተር» ብቻ እንላቸዋለን። አንዲት ሴት «ኪኒኑ አልተስማማኝም» ስትላቸው፣ «አቁሚው» ወይም «ታገሺው» አይሉም። «ስንተኛው ፍሬ ላይ ነሽ፣ ልጄ?» ይላሉ። በዚህች አንድ ጥያቄ ስንት መድኃኒት ከመጣል ዳነ!

በብዛት የሚገኘው እሽግ 28 ፍሬ አለው። 21ዱ ሆርሞን የያዙ ናቸው፤ 7ቱ አይረን ብቻ ወይም ባዶ ናቸው። እንግዲህ በ23ኛው ወይም በ24ኛው ፍሬ ላይ የሚነሳ ራስ ምታትና ቁርጠት የሚመጣው ሆርሞኑ በመቋረጡ ነው። እሽጉን መጣል አይፈታውም፤ ከባለሙያ ጋር ተነጋግሮ 7ቱን ፍሬ መዝለልና በቀጥታ ወደሚቀጥለው እሽግ መግባት ግን ይፈታዋል። ለምሳሌ ሦስት እሽግ አከታትሎ 63 ቀን ሆርሞን መውሰድ፣ ከዚያ ማረፍ ይቻላል። «ደሙስ የት ይሄዳል? ውስጤ ተጠራቅሞ ይመርዘኝ ይሆን?» የሚለውን ፍርሃት ሲስተር ሳይሰለቹ ስንት ጊዜ መለሱት! የሚጠራቀም ደም የለም። ኪኒኑ የማህፀኑን የውስጥ ሽፋን ስስ አድርጎ ስለሚይዘው ተቀርፎ የሚወርድ ብዙ ነገር አይኖርም። በእረፍቱ ሳምንት የሚታየው ደምም ሆርሞኑ ስለቀረ የሚፈስ እንጂ እንቁላል ወጥቶ የመጣ የወር አበባ አይደለም። ብዙ ሴት «የወር አበባዬ ተስተካከለ፣ ድኛለሁ» ብላ ታቆምና ከጥቂት ወራት በኋላ ሁሉም ነገር ሲመለስባት መድኃኒቱን ትረግማለች። ኪኒኑ ምልክቱን ይዞ ያቆያል እንጂ ፒሲኦኤስን እንደማይነቅል ቀድሞ የነገራት የለም።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት እሽጎች መሃል ጠብ ጠብ የሚል ደም፣ ማቅለሽለሽና የጡት ሕመም የተለመዱ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ይረግባሉ። ለማቅለሽለሹ የሲስተር መላ ከራት በኋላ፣ ልክ ከመተኛት በፊት መዋጥ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ሴት ጠዋት በባዶ ሆድ እየዋጠች ቢያጥወለውላት ጥፋቱ የኪኒኑ ብቻ አይደለም። ወደ ማታ 3 ሰዓት ታዛውረው። ረመዳን ለምትጾመውም ከኢፍጣር በኋላ ይመቻል። ሰዓት ሲዛወር ግን በሁለት ፍሬ መሃል ያለው ክፍተት ይጠር እንጂ አይርዘም።

ከአራተኛው እሽግ ወዲያ ደም መንጠባጠቡ ከቀጠለ ሲስተር በተራ የሚጠይቁት አለ። የረሳሽው ፍሬ አለ? አስመልሶሽ ወይም ብርቱ ተቅማጥ ይዞሽ ነበር? ሌላ መድኃኒት ጀምረሻል? የእርግዝና ምርመራ አድርገሻል? የማህፀን በር ኢንፌክሽንስ ታይቷል? እነዚህ ሁሉ ተጣርተው ሲያልቁ ነው ኪኒን ስለመቀየር የሚወራው። የያዝሽው 20 ማይክሮግራም ኤስትሮጅን (በኪኒኑ ውስጥ ካሉት ሁለት ሆርሞኖች አንዱ) ያለው ከሆነ፣ እንዲህ ያለው ደም በእሱ ላይ ከ30ው ይበልጥ ስለሚታይ ወደ 30 መውጣት ይረዳል። ሲቀየርም በመሃል «ሰውነቴ ይረፍ» ተብሎ ወር አይዘለልም፤ አንዱ ባለቀ ማግስት ሌላው ይጀመራል።

ሲስተር፣ ጉልበትዎ ታሞ እንኳ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሁሉንም ደም ግፊት ይለኩ ነበር። ይህን ስንጽፍ እንባ እየተናነቀን ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ወደ ተራው እንመለስ።

ፋርማሲስቷን እህታችንን እናመሰግናለን። በር ላይ የተለጠፈችውን አንዲት ገጽ ያዘጋጀችልን እሷ ናት። ገጿ እንዲህ ትላለች፦ አንድ ፍሬ ከረሳሽ ባስታወስሽበት ቅጽበት ዋጪው፤ የዕለቱንም በሰዓቱ፣ በአንድ ቀን ሁለት ቢሆንም። ሁለትና ከዚያ በላይ ከረሳሽ ከተረሱት የመጨረሻውን ብቻ ወስደሽ ቀጥዪ፤ እስከ 7 ቀን ኮንዶም ጨምሪ። ይህ የሆነው ከ15ኛው እስከ 21ኛው ፍሬ ባለው ሳምንት ከሆነ የሆርሞኖቹን ፍሬዎች ጨርሰሽ፣ 7ቱን ባዶዎች ትተሽ አዲስ እሽግ ጀምሪ። በመጀመሪያው ሳምንት ሆኖ ግንኙነት ከነበረ ስለ ድንገተኛ መከላከያ ጠይቂ፤ ከእረፍቱ ጋር የተያያዘ መርሳት እንቁላል የሚያስወጣው ያኔ ነውና። ከዋጥሽ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ ሌላ ፍሬ ውሰጂ።

ከመድኃኒት ጋር ስለመጋጨት ያስተማረችውም አይረሳም። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ሆርሞኑ በጉበት ቶሎ እንዲሰባበር ስለሚያደርጉ ኪኒኑ ያቅተዋል። ለጉሮሮ የሚታዘዘው አሞክሲሲሊን ግን እንዲህ አያደርግም። ይህን የማታውቅ ሴት አሞክሲሲሊንን ፈርታ ሪፋምፒሲንን ሳታነሳ ትሄዳለች።

የማህፀን ሐኪማችንን ደግሞ «ለምን» ስለሚለው። በኪኒኑ ውስጥ ያለው ኤስትሮጅን ጉበት የወንዴ ሆርሞንን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን አብዝቶ እንዲሠራ ያደርጋል፤ በደም ውስጥ ነፃ ሆኖ ብጉርና የፊት ፀጉር የሚያመጣው በዚያ ይቀንሳል። ብጉሩ በ3 ወር ገደማ ለውጥ ያሳያል። ፀጉሩ ግን የራሱ የዕድገት ዙር ስላለው ቢያንስ 6 ወር ይፈልጋል። በሁለተኛው ወር «አልሠራም» ብሎ ማቆም ችኮላ ነው። በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የፒሲኦኤስ መመሪያ ከኪኒኖቹ አንዱን ከሌላው አላስበለጠም፤ የሚሠራውን ዝቅተኛ መጠን፣ ከ20 እስከ 30 ማይክሮግራም ያለውን፣ መምረጥ ይላል። 35 ማይክሮግራም ኤስትሮጅን ከሳይፕሮቴሮን (ከኤስትሮጅን ጋር ከሚጣመሩት ሆርሞኖች አንዱ) ጋር ያለው በደም መርጋት ስጋቱ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ጎረቤት «ፊቴን ያጠራልኝ ይሄ ነው» ብላ የሰጠችሽ እሽግ ይህ ሊሆን ስለሚችል ጀርባውን አንብቢ።

ስለ ደም መርጋት ሐኪሙ ሳያስፈራሩ ቁጥሩን ነገሩን። ኪኒን ከማይወስዱና ካላረገዙ 10,000 ሴቶች በዓመት 2 ያህሉ ደም ይረጋባቸዋል፤ ከኤስትሮጅን ጋር ሌቮኖርጀስትሬል የተባለውን ሆርሞን የያዘውን ከሚወስዱት ከ5 እስከ 7፣ ድሮስፒሬኖን የተባለውን ከያዘው ደግሞ ከ9 እስከ 12። በእርግዝናና በአራስነት ጊዜ ያለው ስጋት ከዚህም ይበልጣል። ግፊቷ 140/90 የደረሰ፣ ከራስ ምታቷ በፊት ብልጭታ ወይም ዚግዛግ መስመር የሚታያት፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና ሲጋራ የምታጨስ ሴት ኤስትሮጅን ያለውን መጀመር የለባትም። በፒሲኦኤስ የሰውነት ክብደትና ግፊት አብረው ሊጨምሩ ስለሚችሉ ከመጀመሩ በፊትና ከ3 ወር በኋላ ግፊት ይለካ። አንድ ባት ብቻ ሲያብጥና ሲያም፣ ድንገት ትንፋሽ ሲያጥር፣ ደረት ሲወጋ፣ ዓይን ሲጋረድ ጠዋትን መጠበቅ የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ማድያቱንም ያነሱልን እሳቸው ናቸው። ኤስትሮጅን ማድያትን ያወጣል፤ ፀሐይ ደግሞ ያጠቁረዋል። ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ካልተጨመረ ኪኒኑን ማቆም ብቻውን ቶሎ አያጠፋውም። ፊት የሚያነጣ ተብሎ የሚሸጠውን ቅባት ግን እባካችሁ አትቀቡ!

ሜትፎርሚን (ለስኳርና ለፒሲኦኤስ የሚሰጠውን መድኃኒት) አብራችሁ የምትወስዱ፣ ከምግብ ጋር በ500 ሚሊግራም ጀምሮ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ቀስ ብሎ መጨመር ተቅማጡን ያቀለዋል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ስለሚያሳንስ፣ የዓመቱን ብዙ ቀን ከእንስሳት ተዋጽኦ ርቃ የምትጾም ሴት ምርመራውን ትጠይቅ። ደግሞም ሜትፎርሚን እንቁላል መውጣትን ሊመልስ ይችላል። «እኔ እንደሁ አልወልድም» ብሎ መከላከያ መተው ለብዙዎች ያልታሰበ እርግዝና ሆኗል።

የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን፣ ስለ መርፌውና በክንድ ስለሚቀበረው ላስረዳችሁን እናመሰግናለን። ሁለቱም ኤስትሮጅን የላቸውም፤ ግፊት ላለባት ሴት በር ይከፍታሉ፤ በወንዴ ሆርሞን ላይ ግን የኪኒኑን ያህል አያግዙም። በየ3 ወሩ የሚሰጠው መርፌ በአንዳንዶች ላይ ክብደት ይጨምራል፤ ቶሎ መውለድ ለምትፈልግም ከቆመ በኋላ መዘግየቱ መነገር አለበት። በክንድ በሚቀበረው ላይ ደሙ ረጅም ቀን ካስቸገረ፣ ጨጓራና ኩላሊቷ ደህና ለሆነች ሴት አይቡፕሮፌን ለ5 ቀን ማዘዝ የታወቀ መንገድ ነው፤ ለማስወጣት ከመሮጥ በፊት ይህን ጠይቁ። ሆርሞን ያለው ሉፕ የማህፀኑን ሽፋን በደንብ ይጠብቃል፤ ለብጉሩ ግን ተስፋ አታድርጉበት። ምንም ሳይወስዱ ከ90 ቀን በላይ ደም ሳያዩ መቆየት ሽፋኑን ስለሚያወፍረው ዝም አይባልም።

በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በዓረብ አገራት ያላችሁ እህቶች የእሽጎቻችሁን ፎቶ ስለላካችሁልን እናመሰግናለን። ከእናንተ የተማርነው የንግድ ስሙ በየአገሩ እንደሚለያይ ነው፤ ስትጠይቁ የሆርሞኑን ስምና ማይክሮግራሙን ጻፉ።

ማስታወሻ ደብተራቸውን ያዋሱን ሴቶች፦ ቀን፣ የፍሬው ቁጥር፣ ደም፣ ራስ ምታት፣ ስሜት፤ አምስት ዓምድ ብቻ። በሦስት እሽግ ውስጥ ሐኪም የሚያነበው ነገር ይወጣዋል። ስሜቷ የጨለመባት ግን ሦስት እሽግ አትጠብቅ፤ ያኔውኑ ትናገር።

ባሎች፣ እናቶች፣ አዳራሹን የሰጣችሁን፣ ቡና ያፈላችሁልን ሁሉ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልን።

ስማችሁን ወይም ውለታችሁን ያልጠራን ብዙ ናችሁ። በተለይ የላብራቶሪ ባለሙያዎቹ፣ ኪኒን እየተወሰደ የተለካ ቴስቶስተሮን (የወንዴ ሆርሞን) ስለሚያሳስት ለምርመራው ቢያንስ 3 ወር ማቆም እንደሚያስፈልግ፣ በዚያ ጊዜም ሌላ መከላከያ መያዝ እንዳለበት የነገራችሁን እናንተ ሆናችሁ ሳለ መጨረሻ ላይ ጠራናችሁ። ይቅር በሉን። ያስቀረነው ከማክበር ጎድለን ሳይሆን ገጹ ስላልበቃን ነው።

ሲስተር፣ የደም ግፊት መለኪያዎ እኛው ጋ ነው። ባትሪው ተቀይሯል። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ይዘነው ቤትዎ እንመጣለን፤ እስከዚያ ጉልበትዎን ያሳርፉ።

በታላቅ አክብሮትና ፍቅር፣
የትምህርቱ አስተባባሪዎች