የሐረርን ጅቦች አብረን እንቅረፅ

ይድረስ ለወንድሜ ሰለሞን፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? ድምፄ ከጠፋ ቆየ፤ ቅያሜ እንዳይመስልህ። አባባን ልቡን አሞት ከሐኪም ሐኪም ስንመላለስ ነው ጊዜው የነጎደው። መጨረሻ ላይ ባንጋሎር ወስጄ አሳከምኩት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል።

እዚያው ህንድ ሳለን፣ አባባ ትንሽ ሲያገግም፣ ናጋራሆሌ የሚባል ጥብቅ ደን ሄጄ ነበር። ሰው የሚጎርፈው ታይገር ፍለጋ ነው። እኔን ግን ልቤን የወሰዱት የዱር ውሾቹ ናቸው።

ጠዋት ነው። ከመኪና መውረድ ክልክል ነው። ሾፌሩ ድንገት ሞተሩን አጠፋ። ከቀርከሃው ውስጥ ፉጨት ተሰማ፤ እረኛ መስሎኝ ነበር። ለካ ውሾቹ ጫካ ውስጥ ሲበታተኑ የሚጠራሩት በፉጨት ነው! አንድ በአንድ ወጡ። ቀይ ናቸው፣ ጭራቸው ጥቁርና ጸጉራም። አብዛኞቹ 20 ኪሎ እንኳ አይሞሉም፤ ተባብረው ግን ከራሳቸው ብዙ እጥፍ የሚከብድ አጋዘን ይጥላሉ። ለቡችሎቻቸው ደግሞ ሥጋውን በሆዳቸው ይዘው ተመልሰው ያስመልሱላቸዋል።

አንዷ መንገድ ዳር ያቆረ ውሃ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። አፍንጫዋ ላይ ደም አለ። ሌላው መጥቶ ጆሮዋን ይልሳት ጀመር። ካሜራዬን የሩዝ ከረጢት ላይ አስደግፌ ቀረፅኩ። አቦ፣ እንዴት እንደሚያስቸግር! ከዛፍ ሥር ብርሃን የለም፣ እነሱ አንድ ቦታ አይረጉም፣ ፎከሱ ቅጠሉን ይይዝና እነሱን ያደበዝዛቸዋል። ያቺን ውሃ ውስጥ ያለችውን ግን አግኝቻታለሁ።

በእንግሊዞች ዘመን እነዚህን ውሾች ለገደለ ሽልማት ይከፈል ነበር። ህንድ በ1972 እ.ኤ.አ. የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ አወጣች። ዛሬ በዓለም ላይ ለመራባት የደረሱት ከ2,500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። ከመንደር ውሻ የሚጋባ በሽታም ያሰጋቸዋል። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮዎቻችንን ደጋግሞ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታም ከመንደር ውሻ የመጣ ነው። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ የሐረር ጅብ ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይጎድልብኛል። ሁሉም ያው ነው፦ የመኪና መብራት፣ እንጨት ላይ የተንጠለጠለ ሥጋ፣ የሚጮህ ቱሪስት። ሥጋው ካለቀ በኋላስ? በጁገል ግንብ ቀዳዳ ሾልከው ሲገቡ፣ በጠባቡ መንገድ ቆሻሻ ሲለቃቅሙ፣ ሲገናኙ ተሸታትተው ሰላምታ ሲለዋወጡ ማን በትዕግሥት ቀረፀው? ጅብ ዘንድ የበላይነቱ የሴቶቹ ነው፤ ትልቁ ወንድ እንኳ ለሴቷ ቦታ ይለቃል። ይህን ለማየት መብራት አጥፍቶ፣ ሳይጠሩና ሥጋ ሳይሰጡ፣ ሌሊቱን መቀመጥ ያስፈልጋል።

ይህን ሥራ ካንተ ጋር ነው መሥራት የምፈልገው። መንገዱን እያንዳንዱን ታውቀዋለህ፣ ሰፈሩም ያውቅሃል፤ በሌሊት ካሜራ ይዘን ስንቀመጥ ሰው አይደነግጥም። ለአሹራ ብትደርስ ደስ ይለኛል፤ ለጅቦቹ ገንፎ የሚቀርበው ያን ጊዜ ነው። ባትሪና ትራይፖድ እኔ ዘንድ አለ። አንተ ያንን በጨለማ ጥሩ የሚያነሳውን ሌንስህን ይዘህ ና። የምትመጣበትን ቀን ቁረጥና ጻፍልኝ፤ ሐረር መጥቼ እቀበልሃለሁ።

አባባም ሰላም ብሎሃል።

ወንድምህ ዳዊት
ድሬዳዋ፣ ከዚራ