ቀለሙ ለቅቆ አይደለም

ውድ ደንበኞቻችን፣

በድሮ መጻሕፍት የታተሙትን የጥንት ማሰሮ ሥዕሎች ሱቃችን ውስጥ ከሰቀልን ወዲህ አንድ ጥያቄ እየደጋገመ መጥቶብናል። «ያኛው ብርቱካናማና ጥቁር ሆኖ ያምራል። ይሄኛው ግን መስመር ብቻ ነው። ቀለሙ ለቀቀ እንዴ?» አልለቀቀም። ዱሮም አልነበረውም።

ሁለቱም ዓይነት የመጣው ከአንድ ሰው ስብስብ ነው። ሰር ዊልያም ሃሚልተን እ.ኤ.አ. ከ1764 ጀምሮ በጣሊያኗ ኔፕልስ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ነበር። ከጥንት መቃብሮች የሚወጡ ማሰሮዎችን ሲያይ አያስችለውም። ባለቀለሞቹ የመጀመሪያ ስብስቡ ናቸው፤ ማሰሮዎቹን የብሪታንያ ሙዚየም በ1772 ገዝቷቸዋል። አንዱ ሥዕል ሜይዲያስ ከሚባለው ሃይድሪያ የተወሰደ ነው። ሃይድሪያ የውሃ መቅጃ ነው፣ እንስራ በሉት፤ እጀታው ግን ሦስት ነው። ሥዕሎቹ የታተሙበት መጽሐፍ ርዕስ «የኤትሩስካውያን» (የጥንት ጣሊያን ሕዝብ ናቸው) ብሎ ቢጀምርም አትመኑት። ያኔ የመሰላቸው እንደዚያ ነበር እንጂ አብዛኞቹ የግሪኮች ሥራ ናቸው።

ሃሚልተን ሸጦ አላረፈም፤ እንደገና ሰበሰበ። ሁለተኛውን ስብስብ ያሳለው ቲሽባይን በሚባል ጀርመናዊ ሰዓሊ ነው። የዚህኛው መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ 1791 የሚል ዓመት አለው። በዚህ ጊዜ ቀለምና ጌጥ ይቅር አለ። ዋጋው ረክሶ ወጣት ሰዓሊዎችም እንዲገዙት ፈልጎ ነው። የእናንተ «ባዶ» ሥዕል እንግዲህ ይሄ ነው።

ይህ ባለመስመር ሥዕል ደግሞ ባለውለታ ነው። በ1798 ከነዚሁ ማሰሮዎች ብዙዎቹን የጫነችው ኮሎሰስ የተባለች መርከብ ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ባሉት ሲሊ ደሴቶች አጠገብ ሰጠመች። ጠላቂዎች በ1970ዎቹ ስብርባሪውን ሲያወጡ፣ የትኛው ስባሪ የየትኛው ማሰሮ እንደሆነ ለመለየት የረዱት እነዚህ መስመሮች ናቸው።

«ቀለም ቀብታችሁ ስጡን» ላላችሁን ይቅርታ፣ አንቀባም። ዋጋውንም በዚህ ሰበብ አንቀንስም።

ሱቅ ስትመጡ ወረቀቱን በመስኮት ብርሃን አጋድማችሁ እዩት። ሥዕሉን ዙሪያውን የከበበ ጎድጎድ ያለ መስመር ታገኛላችሁ። ሥዕሉ የተቀረጸበት የመዳብ ሰሌዳ በማተሚያው ተጭኖ የተወው ምልክት ነው። አንድ ጊዜ ፍሬም ይግባልን ብለን ይህን ጠርዝ ከአንድ ሥዕል ላይ ቆርጠነዋል። እስካሁን ያንገበግበናል። አሁን ፍሬሙን እንለውጣለን እንጂ ወረቀቱን አንነካም።

ባለቀለሙን የወሰዳችሁ ፀሐይ ፊት ለፊት አትስቀሉት። ያኔ ቀለሙ የምር ይለቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባልደረቦች