በታደሰው ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ሞተር ላይ የቀረበ ቅሬታ

ለሞተር እድሳት ጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
አዳማ

ጉዳዩ፦ ሳይመረመሩ ለተቀየሩ ዕቃዎች የተከፈለው ገንዘብ እንዲመለስና ሞተሩ በዋስትናው መሠረት እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

በአርሲ ዞን በአሰላ አቅራቢያ የምናርስበት የቤተሰባችን ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ከመኸር ሥራ በኋላ ለሙሉ የሞተር እድሳት ወደ ጋራዣችሁ ገብቶ፣ ካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ሽፋን)፣ ፒስተኑ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበቶች) እና ብሮንዚናው (የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንኩ፣ የሚዞርበት ተሸካሚ) ተቀይሮ፣ ፖምፓው (ናፍጣውን በግፊት ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍለው) እና ናፍጣ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ተፈትሸው፣ ቆርቆሮው በሙሉ ቀለም ተቀብቶ በመጋቢት ወር ከስድስት ወር የጽሑፍ ዋስትና ጋር ተረክበነዋል። ይሁን እንጂ ሞተሩ ከመጀመሪያው የእርሻ ሳምንት ጀምሮ በትክክል ሠርቶ አያውቅም። ድርጅታችሁም ችግሩን መርምሮ ከማግኘት ይልቅ በየጊዜው አንድ ውድ ዕቃ እየቀየረ አስከፍሎናል። ቅሬታዬ በዋናነት በዚህ አሠራር ላይ ነው።

ብልሽቱ ሦስት መልክ ነበረው። አንደኛ፣ ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) በጥሩ ፍጥነት እያዞረ ሞተሩ ቶሎ አይነሣም፤ ሲነሣም እስኪሞቅ ድረስ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ያወጣል። ሁለተኛ፣ ዲስክ ማረሻ ይዞ ለተወሰነ ጊዜ ካረሰ በኋላ ጉልበቱ ቀስ በቀስ እየደከመ ይጠፋል፤ ጥቂት ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ተነሥቶ ያንኑ ይደግማል። ሦስተኛ፣ የሞተር ዘይቱ መጠን ከጊዜ ወደ ጊዜ ይጨምራል፤ ዘይቱ ቀጥኖ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሦስቱንም ለዋና መካኒካችሁ በስልክ አስረድቻለሁ፤ ትራክተሩን መልሰን ስናመጣም በጽሑፍ ሰጥቻለሁ።

በመጀመሪያ የተሰጠን መልስ ናፍጣው ቆሻሻ ነው የሚል ነበር። በዚያው ሳምንት ከዚያው ማደያ የቀዳ የጎረቤታችን ትራክተር ያለ ችግር ሲያርስ እንደሰነበተ ብናስረዳም ሦስቱም ኢንጀክተሮች በአዲስ ተቀይረው ሒሳብ ተጠየቅን። ለውጥ ባለመኖሩ የአሰላ ከፍታ ነው ተባለ። ቀጥሎም ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ሳይቃጠል አልቀረም ተብሎ፣ የሲሊንደሮቹ ግፊት ሳይለካ፣ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ) ወርዶ ተመልሶ ታሰረ፤ ለዚህም ከፈልን። የወጣው ጓርኒሲዮንም ሆነ የተቀየሩት ኢንጀክተሮች እስከ ዛሬ አልተመለሱልንም።

ይህ ሞተር ኮምፒዩተር የሚጠይቅ አይደለም። ይህ የትራክተር ዓይነት መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ ፐርኪንስ ኤ.ዲ. 3.152 ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ሁለት ሊትር ተኩል የሚይዝ፣ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው፣ ነዳጁን በሲ.ኤ.ቪ. ሥሪት ተሽከርካሪ ፖምፓ የሚያከፋፍል ቀላል ናፍጣ ሞተር ነው። አየርና ናፍጣ ሳይታፈን ከደረሰው፣ ግፊቱ ካልወደቀና ናፍጣው በሰዓቱ ከተረጨ ይሠራል። እነዚህን ለማየት ቁልፍ፣ መብራትና የግፊት መለኪያ ይበቃሉ፤ ቴስታታ ማውረድ ከሁሉም በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

የእርሻ ጊዜው እያለፈብን በመሆኑ አሰላ በሚገኝ ሌላ ጋራዥ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ እንዲያዩት ጠየቅን። እሳቸው አንድም ዕቃ ከመቀየራቸው በፊት ሞተሩ በሥራ ላይ እንዳለ እስኪጠፋ ጠበቁ። እንደጠፋም የፊልትሮውን (የናፍጣ ማጣሪያውን) የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ አድርገው በእጅ ሲያፓምፑ ናፍጣው አረፋ ሳይኖረው፣ ነገር ግን እጅግ ደክሞ ወጣ። አረፋ አለመኖሩ አየር እየገባ እንዳልሆነ፣ መድከሙ ደግሞ ከፊልትሮው ወደ ታንኩ ባለው መንገድ አንድ ነገር እንዳገደው ያሳያል ብለው የታንኩን ክዳን ሲፈቱት አየር በፉጨት ወደ ውስጥ ገባ። የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በእናንተ ቀለም ተደፍኗል። ናፍጣው በወረደ ቁጥር በምትኩ አየር ስለማይገባ ታንኩ ናፍጣውን ወደ ኋላ እየሳበ ሞተሩን ያስርበዋል፤ ሲያርፍ አየሩ በዝግታ ስለሚሰርግ ሞተሩ ይነሣል። ቀለሙ ያማረ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ቀዳዳው በመርፌ ከተከፈተ በኋላ ትራክተሩ አንድም ጊዜ ሳይጠፋ ቀኑን ሙሉ አርሷል፤ ለዚህ ብልሽት ሦስት ኢንጀክተር መቀየሩን እንዴት እንደምታስረዱ ለማወቅ እፈልጋለሁ።

የነጩ ጭስ ምክንያት የፖምፓው ሰዓት፣ ማለትም ናፍጣው የሚረጭበት ቅጽበት ነው። በፖምፓው ጆሮ ላይ የተጫረው መስመር በሞተሩ ፊት ካለው የሰዓት ማርሽ ሽፋን መስመር ጋር መግጠም ሲገባው ወደ ዘገየው አቅጣጫ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ታስሯል። ናፍጣው ዘግይቶ ሲረጭ በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስለማይቃጠል በነጭ ጭስ መልክ ይወጣል። ከፍታን በምክንያትነት መጥቀሳችሁም በዚህ ይወድቃል፤ አየር ሲሳሳ የሚበዛው ጥቁር ጭስ እንጂ ነጭ አይደለም፣ ትራክተሩም ከእድሳቱ በፊት በዚሁ ደጋ ለዓመታት ሲያርስ ኖሯል። ከፍታው ያመጣው ነገር ቢኖር በአዳማ ሙቀት ተደብቆ የነበረውን የሰዓት ስሕተት በአሰላ የጠዋት ብርድ ማጋለጡ ነው። መካኒኩ ሦስቱን ማሰሪያዎች አላልተው፣ ፖምፓውን አዙረው መስመሮቹን ሲያገጥሙ ሞተሩ በማግስቱ ጠዋት ያለ ጭስ ተነሣ። በዚሁ አጋጣሚ የሦስቱም ሲሊንደሮች ግፊት ተለክቶ ተቀራራቢ ሆኖ በመገኘቱ፣ ቴስታታው የወረደበት ምክንያት ጭራሽ አልገባንም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ዘይቱ ነው። ናፍጣ ከታንክ ወደ ፊልትሮ የምትገፋው ትንሿ ፓምፕ ስትፈታ ላስቲኳ የደረቀና በጠርዙ የተሰነጠቀ፣ አሮጌው ላስቲክ ሆኖ ተገኝቷል፤ ናፍጣው በእሱ እየሾለከ ወደ ዘይቱ ይወርድ ነበር። በሒሳብ ዝርዝራችሁ ላይ ግን የዚች ፓምፕ ሙሉ እድሳት ከነመለዋወጫው ተጽፎ ተከፍሎበታል። ያልተቀየረ ዕቃ ተቀየረ ተብሎ ገንዘብ የተወሰደበትን ምክንያት በጽሑፍ እንድታስረዱ እጠይቃለሁ። በናፍጣ የቀጠነ ዘይት በብሮንዚናና በክራንክ መካከል የሚያስፈልገውን ሽፋን መያዝ ስለማይችል፣ አዲሱ ብሮንዚና ገና ከአሁኑ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ላስቲኩንና ዘይቱን ወዲያውኑ ብንቀይርም የደረሰውን ጉዳት ከውጭ ማየት አይቻልም።

ስለዚህ የኢንጀክተሮቹ፣ የጓርኒሲዮኑና የቴስታታው ሥራ ዋጋ እንዲሁም ላልተሠራው የናፍጣ ፓምፕ እድሳት የተከፈለው ገንዘብ እንዲመለስልን፣ ለአሰላው ጋራዥ የከፈልነውም እንዲተካልን እጠይቃለሁ። የዘይት ቋቱ እኛ ባለንበት ወርዶ የኮሎ (የፒስተን ዘንጎቹ) እና የባንኮ (ክራንኩ በሞተሩ አካል ላይ የሚያርፍባቸው) ብሮንዚናዎች ያለ ክፍያ እንዲታዩ፣ የተበላ ካለ በዋስትናው መሠረት እንዲቀየርና ልኬቱ በወረቀት እንዲሰጠን እፈልጋለሁ። አሮጌዎቹ ኢንጀክተሮችም የእኛ ንብረት ስለሆኑ ይመለሱልን። በመጀመሪያ ሞካሪ መሣሪያ ላይ ወጥተው ደህና ናቸው የተባሉት እነዚያው በመሆናቸው፣ በኋላ ምን ተገኝቶባቸው እንደተጣሉ ማንም አልነገረንም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ ይህ ጥያቄ ከበጎ ፈቃዳችሁ የሚጠበቅ ብቻ አይደለም።

የስንዴ መዝሪያው ስለደረሰ ትራክተሩን እንደገና ወደ አዳማ ጭኖ ማምጣት አንችልም። ምርመራውን መካኒካችሁን ወደ እርሻው በመላክ፣ የጭነት ወጪ በእኛ ላይ ሳይጣል እንድታካሂዱና ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በአሥር ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን እጠይቃለሁ። መልስ ካልደረሰን ጉዳዩን ከነማስረጃው ለሚመለከተው የንግድ ጽሕፈት ቤት እናቀርባለን። የዋስትናው፣ የደረሰኞቹና የአሰላው መካኒክ የምርመራ ወረቀት ቅጂዎች እንዲሁም የተሰነጠቀው ላስቲክና የተደፈነው ክዳን ፎቶግራፎች ከዚህ ጋር ተያይዘዋል፤ ላስቲኩና ክዳኑ ራሳቸው በእጃችን ስለሚገኙ መካኒካችሁ ሲመጣ ሊያያቸው ይችላል።

ከሠላምታ ጋር
የትራክተሩ ባለቤት