ለቅጣት የምታገኙንን ያህል ለምክርም ፈልጉን
ግልጽ ደብዳቤ፦ በካሊፎርኒያ የባህር ሀብትን ለምታስተዳድሩ ኃላፊዎች

ክቡራን ሆይ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፈው በግል የጻፍኩት መልስ ስላጣ ነው። ኢሜይል ልኬያለሁ፤ ስልክም ደውያለሁ። የመጣልኝ «አስተያየትዎ ደርሶናል» የሚል በማሽን የተላከ መልእክት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ዝም ተባልኩ።

ጉዳዩ ሎብስተር የሚባለው እሾሃማ ቅርፊት ያለው የባህር እንስሳ ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ከኦክቶበር መጀመሪያ እስከ ማርች አጋማሽ፣ ማታ ማታ ፒር (ከባህር ዳርቻ ወደ ውሃው የተዘረጋ መድረክ) ላይ ቀለበት መረብ (በክብ ቀለበት ላይ የተወጠረ መረብ) ጥለን የምናመሽ ሰዎች ጉዳይ ነው። ከሀገሬ ሰው ብዙው በሃይማኖቱ ምክንያት ሎብስተር አይቀምስም፤ አከብራለሁ። የሚበላም አለ፤ ለጨዋታው ብቻ የሚመጣም አለ። ፒሩ ላይ ሜክሲኳዊው፣ ፊሊፒናዊው፣ ቬትናማዊው፣ ሀበሻው ጎን ለጎን ነው የሚቆመው። አብዛኞቻችን ጀልባ የለንም። ከሕዝብ ፒር ላይ ለማጥመድ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ መግዛት አያስፈልግም። ገንዘብ ለሌለው ሰው የቀረለት ባህር ይኸው ነው።

ሕጉን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኛም እናውቀዋለን። ፈቃድ ባያስፈልግም የሎብስተር ሪፖርት ካርድ፣ ማለትም ቀኑን፣ ቦታውንና የያዝነውን ብዛት የምንመዘግብበት ካርድ፣ ግን ግዴታ ነው፤ ልጆችም ሳይቀሩ ይይዛሉ። ፒር ላይ ለአንድ ሰው ሁለት መረብ ነው። በቀን ከሰባት በላይ አይያዝም። የጀርባው ቅርፊት ከዓይኑ ጉድጓድ ጀምሮ ሲለካ ሦስት ኢንች ከሩብ ካልሞላ ወዲያው ወደ ውሃው ይመለሳል። በድብቅ እንዳይሸጥም የያዝነውን የጅራቱን መሃለኛ ክንፍ እንበሳዋለን። ይህን ሁሉ የምናደርገው በጨለማ፣ ባትሪ በጥርሳችን ይዘን፣ እጃችን በእሾሁ እየተወጋ ነው። አናማርርም፤ ነገም እንዲኖር እንፈልጋለን።

ባለፈው ወቅት አንድ ምሽት፣ አባባ የምንላቸው በዕድሜ የገፉ የሰፈራችን ሰው የመጀመሪያውን መረብ ጣሉ። ካርዱ ኪሳቸው ነበር። ቀኑና ቦታው ግን ገና አልተሞላም። የጥበቃ ኦፊሰሩ መጣ። መረቡ ባዶ ነው፤ አንድም ሎብስተር አልተያዘም። ሕጉ ግን ማጥመድ ሳይጀመር ይሞላ ይላል። «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። አስተረጎምኩላቸው። የቅጣት ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አዩት። ከዚያ አጣጥፈው የመታወቂያቸው ላስቲክ ውስጥ ከተቱት። ከዚያች ምሽት ወዲህ ፒር ላይ አላየኋቸውም።

ሕጉ ሕግ ነው፤ ኦፊሰሩ ሥራውን ሠርቷል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ለቅጣት ሲሆን በዚያ ብርድ የት እንደምንቆም ታውቃላችሁ። ሕግ ለማሻሻል ስትመክሩ ግን ወደዚያው ፒር ዝር የሚል ሰው የለም። ስብሰባው በሥራ ቀን፣ በጠዋት፣ ሌላ ከተማ ነው። ከመካከላችን በሰዓት የሚከፈለው ይበዛል፤ አንድ ቀን ቀረ ማለት የቤት ኪራዩ ጎደለ ማለት ነው። እኔ እንደምንም ብዬ አንዱ ስብሰባ ላይ ተገኝቻለሁ። ግማሽ ቀን ጠብቄ ሁለት ደቂቃ ተሰጠኝ። ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። «ቀጣይ» ተባለ።

እንደሚቻል ደግሞ ራሳችሁ አሳይታችሁናል። በ2016 የጸደቀው የሎብስተር አስተዳደር ዕቅድ ሲረቀቅ አማካሪ ኮሚቴ ነበር። ለመዝናኛ የሚያጠምዱ ሰዎችም ከንግድ አጥማጆች፣ ከሳይንቲስቶችና ከአካባቢ ተቆርቋሪዎች ጋር ተቀምጠው ተከራክረዋል። ዕቅዱ ውስጥ፣ የሎብስተሩ ይዞታ ሲዳከም ሊወሰዱ ከሚችሉት እርምጃዎች አንዱ ያንን የሰባቱን የቀን ገደብ መቀነስ ነው። ያ ቀን ሲመጣ ጠረጴዛው ዙሪያ ማን ነው የሚቀመጠው?

አንድ የንግድ ፈቃድ 300 ወጥመድ ይፈቅዳል። ሁለት ፈቃድ ያለው 600 ይጥላል። በዚያ ሥራ ልጆቹን የሚያሳድገውን ሰው አልጠላውም። እሱ ግን ማኅበር አለው፤ የሚከራከርለት አለው። ሁለት መረብ የያዘው ሰው ማን አለው?

እስከ አፕሪል 30 ካርዳችንን እንመልሳለን። ምንም ያልያዝንም እንመልሳለን፤ ካልመለስን በሚቀጥለው ወቅት ካርድ ስናወጣ ተጨማሪ እንከፍላለን። ቁጥራችንን ትወስዳላችሁ። ቁጥሩን የሞላውን ሰው ግን ምን አየህ ያለው የለም። ብዙ እናያለን እኮ! ከልክ በታች የሆኑትን በባልዲ ሸሽጎ የሚሄደውን የምናየው እኛ ነን። ማዕበል የጣለው ባለቤት አልባ ወጥመድ ምሰሶው ሥር ተጠላልፎ፣ ውስጡ ሎብስተር ሲሞት የምናየውም እኛ ነን።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከመጪው ኦክቶበር በፊት አንድ ስብሰባ በቅዳሜ፣ በፒሩ አቅራቢያ፣ አስተርጓሚ ባለበት አካሂዱ። ስለ ሎብስተር በሚመክር ማንኛውም ኮሚቴ ላይ ከፒር ለሚያጠምድ ሰው ቋሚ ወንበር ይኑር። ካርዱን ሳይሞላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘ፣ መረቡም ባዶ የሆነ ሰው ከቅጣት በፊት ማስጠንቀቂያ ይሰጠው።

መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ስሙንና ኃላፊነቱን ጽፎ የሚፈርም ሰው ይመልስልን።