የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ 11 ማይክሮሰከንድ

ዘንድሮ በክበባችን በር ብቅ ያለ ሁሉ "እህ፣ ወርቅ አገኛችሁ?" እያለ ይጠይቀን ነበር። ወርቅ አላገኘንም። ስንፈልግ የከረምነውም እሱን አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ የሠራነው ፐልስ ኢንዳክሽን በሚባለው የብረት መፈለጊያ ላይ ነው፤ በተለይ ደግሞ ጊዜውን በሚቆጣጠረው ሰርኪዩት ላይ። ልጆቹ የሠሩት ሥራ በትክክል እንዲታወቅላቸው ስለምፈልግ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ።

መሣሪያው ኮይል በሚባለው የሽቦ ጥቅል ውስጥ ለአጭር ጊዜ ከረንት ይለቅና በድንገት ይቆርጠዋል። አጠገቡ ብረት ካለ፣ ብረቱ ውስጥ የሚሽከረከር ከረንት ይፈጠርና እየደከመ ይጠፋል። ኮይሉ የሚያዳምጠው ይህን ምልክት ነው። ከረንቱ ለምን ያህል ጊዜ ይለቀቅ? ከተቆረጠ በኋላ ምን ያህል ይጠበቅ? ማዳመጡስ ምን ያህል ይቆይ? ይህን ሁሉ የሚወስነው የጊዜ ሰርኪዩቱ ነው። የእኛው የተሠራው 555 በሚባሉ ጊዜ ቆጣሪ ቺፖች ነው። ሀንስ ካመንዚንድ ይህን ቺፕ የነደፈው እ.ኤ.አ. በ1971 መሆኑን ስነግራቸው፣ ከወላጆቻችን ይበልጣል ብለው ተገረሙ።

መጀመሪያ ላይ መሣሪያው ማዳመጥ የሚጀምረው ከረንቱ ከተቆረጠ ከ25 ማይክሮሰከንድ በኋላ ነበር፤ አንድ ማይክሮሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ለወፍራም ብረት ይህ ይበቃል። የቀጭን አልሙኒየም ምልክት ግን እስከዚያ ድረስ አይቆይም፤ በጥቂት ማይክሮሰከንድ ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ልጆቹ ጥበቃውን ለማሳጠር ወሰኑ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሬዚስተሩን (ከረንት የሚገድበውን ዕቃ) በካፓሲተሩ (ቻርጅ በሚያጠራቅመው ዕቃ) አባዝቶ እንደገና በ1.1 ማባዛት። 10 ኪሎ ኦም እና 1 ናኖፋራድ 11 ማይክሮሰከንድ ይሰጣሉ። ክበብ ከትምህርት ያዘናጋል ለሚሉ ወላጆች ይህን ልንገራቸው፦ ክፍል ውስጥ ሸምድደው የሚያልፉትን ይህን የሬዚስተርና የካፓሲተር (የአርሲ) ስሌት ልጆቻችሁ እዚህ በእጃቸው ሠርተው፣ በዓይናቸው አይተው ነው ያወቁት።

ወደ 11 ሲወርድ መሣሪያው ብረት በሌለበት ሁሉ ይጮህ ጀመር። ምክንያቱ ጊዜው ብቻ አልነበረም። ከረንቱ ሲቆረጥ ኮይሉ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይነሳል። ያ እስኪረጋጋ ድረስ ምልክቱን የሚያጎላው ማጉያ በራሱ ኮይል ጩኸት ተደናቁሮ ይቆያል። ልጆቹ ከኮይሉ ጎን የተያያዘውን የማርገቢያ ሬዚስተር እየቀያየሩ ሞከሩ። ሲበዛ ሞገዱ ይንቀጠቀጣል፤ ሲያንስ ደግሞ ለመርገብ ይዘገያል። ልኩን ሲያገኙ ጩኸቱ ቀጥ አለ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር ነው ያስጨነቀን። መሣሪያው ሲበራ ደህና ነው፤ ሲቆይ ድምፁ በራሱ እየከፋ ይሄዳል። ትልልቆቹ ልጆች ጥፋተኛው ኮይሉ ነው ብለው ፈትተው እንደ አዲስ ጠመጠሙት። ምንም ለውጥ የለም። አንዲት ብዙ የማትናገር የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን ቦርዱ ላይ አጎንብሳ የጊዜ ሰርኪዩቱን ዕቃዎች አንድ በአንድ በጣቷ ትነካ ነበር። አንዲት ትንሽ የሴራሚክ ካፓሲተር ጋ ስትደርስ ድምፁ ተለወጠ። "እሷ ናት!" አለች። አንዱ የ11ኛ ክፍል ልጅ ወዲያው ተቃወመ፦ "የጣትሽ ኤሌክትሪክ ነው እንጂ ካፓሲተሯ አይደለችም።" ክርክሩ ትክክል ነበር፤ ጣት በራሱ እንዲህ ያለውን ሰርኪዩት ይረብሻል። ዝም አላለችም፣ አልተቆጣችምም። ወረቀት ጠቅልላ እንደ ቧንቧ አደረገች። በፀጉር ማድረቂያ ትኩስ አየር ካፓሲተሯ ላይ ብቻ ለቀቀች። ማንም ምንም አልነካም። የኤሌክትሪክ ምልክትን በስክሪን ላይ በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ ግን የምልክቱ ጠርዝ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ቀደመ ጊዜ፣ መንሸራተት ጀመረ። ማድረቂያውን ስታጠፋው ቀስ እያለ ተመለሰ። የ11ኛ ክፍሉ ልጅ ከሁሉም ቀድሞ አጨበጨበላት።

ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። ተማሪ ለተቃውሞ በንዴት ሳይሆን በሙከራ ሲመልስ ማየት ግን ሁሌ የሚገኝ ነገር አይደለም። ነገሩም ልክ እሷ እንዳለችው ነው። አንዳንድ የሴራሚክ ካፓሲተሮች ሲሞቁ አቅማቸው በጣም ይቀንሳል። ከ11 ማይክሮሰከንድ 10 በመቶ ከጎደለ፣ መሣሪያው ከ1 ማይክሮሰከንድ በላይ ቀድሞ ያዳምጣል፤ ያኔ የኮይሉ ጩኸት ገና አልረገበም። ሲዜሮጂ በሚባለው፣ ሙቀት ብዙም በማይነካው ዓይነት ስንተካው ድምፁ ረጋ። ሜዳ ወጥተንም ሞከርነው። ድሮ ያልፈው የነበረውን የተቀደደ ፎይል ሣር ውስጥ አገኘው።

የሳምንቱ መደበኛ ስብሰባዎች እንደ ወትሮው ተካሂደዋል። ፈተና ሲቃረብ የመጪው ቁጥር ቀንሷል፤ ይህ የሁሉም ክበብ ችግር ነው። የጊዜ ቺፑ አንድ ቀን ከረንቱን እንዳስለቀቀ ተጣብቆ ቀርቶ፣ ለኮይሉ ከረንት የሚለቅና የሚቆርጠው ትራንዚስተር ተቃጥሎብናል። ከዚያ ወዲህ ምልክቱ ኦሲሎስኮፕ ላይ ሳይታይ ኮይል አይገናኝም፣ ፊውዝም ተጨምሯል።

ኦሲሎስኮፑ ግን የትምህርት ቤቱ አይደለም፤ የተዋስነው ነው፣ መልሰናል። የማይክሮሰከንድ ነገር በመልቲሜትር አይታይም። ያቺ ልጅ ትክክል መሆኗን ያየነው በተዋስነው ስክሪን ነው። ተውሶው ባይገኝ ኖሮ ክርክሩ ክርክር ሆኖ ይቀር ነበር። ላቦራቶሪው ውስጥ ለዓመታት ሳይከፈት የተቀመጠ ዕቃ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ለሚሠሩ ልጆች የሚሆን አንድ ኦሲሎስኮፕ ግን የለም። የትምህርት ቤቱ አስተዳደር፣ የወላጆች ኮሚቴና የቀድሞ ተማሪዎች ይህን እንዲያስቡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ባለ ሁለት ቻናል ከሆነ ያገለገለም ይበቃናል። የሚቀጥለው ዓመት ሥራችን ሁለተኛ የማዳመጫ ጊዜ ጨምረን ከመጀመሪያው ላይ መቀነስ ነው፤ ኮይሉ ሲወዛወዝ የመሬት ማግኔት የሚፈጥረው ረብሻ የሚወገደው በዚህ ነው። ለዚህ ሁለቱን ምልክቶች ጎን ለጎን ማየት የግድ ነው። ምዝገባ ትምህርት እንደተጀመረ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ውስጥ ይካሄዳል፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በተለይ ኑ።